የአምፕሊፋየሬ ማብሪያ አልያዝ አለኝ፣ ላጽዳው ወይስ ልቀይረው?

ጆሮ_ለባለቤቱ
ሰላም ለቤቱ። የድሮ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር አለኝ፣ ያ ከባዱ አይነት፣ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነ ውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው። ድምጹ ላይ ምንም ችግር የለበትም፣ ጣጣው ያለው ማብሪያው ላይ ነው። በፊት ስጫነው ቀጭ ብሎ ይገባና እዛው ይቀር ነበር፣ አሁን ይገባል ግን ጣቴን ሳነሳ ተመልሶ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደሞ ይያዝልኝና ሙዚቃ እየሰማሁ መሀል ላይ ጭል ጭል ብሎ ጥፍት ይላል፣ ጠረጴዛውን ነካ ሳረገው እንደገና ይመጣል። ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት አጣጥፌ ከቁልፉ ጎን ሸጉጬ ነው ስጠቀም የነበረው (አትሳቁ)። ትናንት ግን ከውስጥ ጭርርር የሚል ድምጽ ሰማሁ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ አይነት ሽታም ነበረው መሰለኝ፣ ነቅዬ አስቀመጥኩት።
ካቻቢቴ መያዝ እችላለሁ፣ መልቲሜትር አለኝ፣ ካውያም አለኝ የጊታር ገመድ ምናምን በይጄበታለሁ፣ ከዛ ያለፈ ልምድ የለኝም። ስፕሬይ ብነፋበት ይስተካከላል ወይስ ይቀየር? ደሞ ጥፋቱ የማብሪያው ብቻ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቀጥታ_አገናኘው
ወንድሜ ምን ያደክምሃል። ወደ ማብሪያው የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች ቁረጥ፣ አንድ ላይ ጠምዝዝ፣ ናስትሮ ጠቅልልበት፣ ከዛ ማብሪያ ባለው ኤክስቴንሽን ሰካው አለቀ። የኔ እንደዛ ሆኖ 6 አመቱ ነው።

ሊድና_ጭስ
ጠምዝዞ ናስትሮ 😂 ትራንስፎርመር አጠገብ ያለ ናስትሮ በሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ይፈታል፣ ስንት ስራ እንደዛ ሆኖ መጥቶልኛል። ሽቦው ተገልጦ የአምፑን ቆርቆሮ ከነካ ሙሉ አካሉ ኤሌክትሪክ ሆነ ማለት ነው። የኤክስቴንሽኑ ማብሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአምፑ ማብሪያ የባሰ ርካሽ ነው፣ ሲበራ ድንገት የሚገባው የከረንት ድንጋጤ እሱ ላይ ይዞራል።
ጆሮ ለባለቤቱ፣ ምንም ሳትፈታ አንድ ነገር ለካ። ስፒናውን ከግድግዳ ንቀል። መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርግና ሁለቱን ጫፎች የስፒናው ሁለት እግሮች ላይ ያዝ። ማብሪያው ጠፍቶ ከሆነ ምንም ማንበብ የለበትም፣ ክፍት ነው። ስትጫነው ግን መስመሩ በፊውዙ አልፎ በትራንስፎርመሩ ጥቅል ዞሮ ስለሚመለስ ጥቂት ኦም ያሳይሃል፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ከሆነ 3 ወይ 5፣ ትንሽ ከሆነ 20 30 ሊሆን ይችላል። አስር ጊዜ አብራ አጥፋ፣ ቁልፉን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አርገው። ቁጥሩ አንድ ቦታ ቁጭ ካለ ማብሪያውን ተወው ሌላ ቦታ ፈልግ። ከዘለለ ግን ወይ ማብሪያው ነው ወይ ገመዱ ወይ የፊውዝ መያዣው፣ ገመዱን ለብቻው እያወዛወዝክ ለይ።
አንድ ነገር፣ ስትለካ ሁለቱንም እግር ባዶ ጣትህ እንዳይነካ። መልቲሜትሩ በጥቅሉ ውስጥ የሚልካት ትንሽዬ ከረንት ስትቋረጥ ንዝር ታረጋለች። አትጎዳም ግን ደንግጠህ መልቲሜትሩን ትጥለዋለህ።

ቀጥታ_አገናኘው
እሺ ወንድሜ አትቆጣ ሀሳብ ነው የሰጠሁት

ሊድና_ጭስ
እህትህ ነኝ። አልተቆጣሁም፣ አንተም ያንን ናስትሮ ዛሬ ፍታው።

ጆሮ_ለባለቤቱ
ለካሁ። የመልቲሜትሩ ጫፎች እርስ በርስ ሲነካኩ 0.3 ያሳያል እሱን ቀንሼ ነው። ደህና ሲያዝ 5 ኦም ገደማ ይላል። ግን አስር ጊዜ ስጫነው አራቴ ብቻ ነው 5 ያለው፣ አንዴ 40፣ አንዴ 180 ምናምን ብሎ ወረደ፣ ሌላው ጊዜ ጭራሽ ምንም። ቁልፉን ወደ ላይ ገፋ ሳረገው 5 ይመጣል፣ ስለቀው ይሄዳል። ገመዱን ብነቀንቀው ብጎትተው ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ ማብሪያው ነው አይደል?

ሃምሳ_ኸርዝ
ማብሪያው ነው። ለምን እንደሞተ ራሱ የለካኸው 5 ኦም ይነግርሃል እኮ። 230 ቮልት የምንለው ውጤታዊ ልኬቱ ነው፣ ጫፉ 325 ቮልት ይደርሳል። የጠፋ ትራንስፎርመር በመጥፎ ሰአት ላይ ከበራ ብረቱ በማግኔት ይሞላና ለጥቂት ሚሊሰከንድ ጥቅሉ ተራ ሽቦ ይሆናል ማለት ይቻላል፣ ከኋላው ደሞ ባዶ የሆኑ ትላልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ እቃዎች) አሉ። 325ን ለ5 ስታካፍለው 65 አምፔር! የቤቱ መስመር ራሱ ትንሽ ይቀንሰዋል ግን ሀሳቡ ገብቶሃል። ሙዚቃ እየተጫወተ ከአንድ ሁለት አምፔር የማይወስድ እቃ በበራ ቁጥር በደርዘን የሚቆጠር አምፔር በዛች ነጥብ ላይ ያልፋል፣ በየቀኑ፣ ለ30 አመት። ኮንታክቱ (ማብሪያው ውስጥ የሚነካኩት ብረቶች) ጠቁሮ ተቦርቡሮ ካልሆነ ነው የሚገርመኝ።

የቱቦ_ዘመን
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ልጄ ባንድ ማብሪያ ላይ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ፣ አትደባልቃቸው። አንደኛው ኮንታክቱ ነው እሱን ሃምሳ ኸርዝ ነግሮሃል። ሁለተኛው መያዣው ነው። ተጭነህ የሚቀር ማብሪያ ውስጥ የልብ ቅርጽ ያለው ቦይ አለ፣ በቦዩ ውስጥ ቀጭን የሽቦ ጣት ትሄዳለች፣ አንዴ ስትጫን የልቡ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች ሁለተኛ ስትጫን ዞራ ትወጣለች። ቦዩ ፕላስቲክ ሲሆን ጠርዙ ይበላል፣ ወይ ቅባቱ ደርቆ ጣቲቱን ያንቃታል፣ ያኔ ጣትህን ስታነሳ ተመልሶ ይወጣል።
ግን ክዳኑን ስትከፍት መጀመሪያ ሌላ ነገር እይልኝ። በብዙ የድሮ አምፖች ማብሪያው ራሱ ከኋላ ነው ያለው፣ ከፊት የምትጫነው ቁልፍ በረጅም ዘንግ ነው የሚገፋው። ዘንጉ ከተጣመመ ወይ ቁልፉ የፊቱን አሉሚኒየም እያሸ ከሆነ ሙሉ ጥልቀቱን ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ማብሪያው ሳያጠፋ ይወቀሳል። ዘንጉን ነቅለህ ማብሪያውን በቀጥታ በእርሳስ ጫፍ ተጫነው። ያኔም ካልያዘ እሱው ነው።
ከመንካትህ በፊት ደግሞ ትላልቆቹን ካፓሲተሮች ባዶ አድርግ። ነቅዬዋለሁ ብለህ አትመን።

ጆሮ_ለባለቤቱ
እሺ ጋሼ። እንዴት ነው ባዶ ማረገው? ካቻቢቴ ጫፍ ላይ አስነክተው ሲሉ ሰምቻለሁ

የቱቦ_ዘመን
እሱን የነገረህን ሰው ካቻቢቴ አይተኸዋል? ጫፉ ተበልቶ ነው የሚሆነው። ሲያስነኩት ቷ ብሎ ብረት ይረጫል፣ አይን አለ፣ ካፓሲተሩም አይወደውም። 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር ፈልግ፣ እግሮቹ ላይ የተሸፈነ ሽቦ በይድና የካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ለአንድ ደቂቃ ያዝበት። 10,000 ማይክሮፋራድ ቢሆን በ10 ሰከንድ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ በደቂቃ አልቋል። ከዛ በመልቲሜትር ዲሲ ላይ ለካ፣ ከ2 ቮልት በታች ሲሆን እጅህን አስገባ። ካፓሲተሮቹ ሁለት ናቸው፣ ፕላስና ማይነስ፣ አንዱን አድርገህ ሌላውን እንዳትረሳ።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ
ይቅርታ ክሩን ልጥለፈው አልፈልግም ግን የኔም ተመሳሳይ ነው፣ አዲስ ዘመን አምፕ ነው ቀይ መብራቷ ትበራለች ስጫነው ቀጭ ይልና ከ3 ሰከንድ በኋላ ቀጭ ብሎ ተመልሶ ቀይ ይሆናል። ማብሪያውን ልቀይር?

ሊድና_ጭስ
ተመሳሳይ አይደለም። ያንተ ቁልፍ ዋናውን መስመር አይቆርጥም፣ ለፕሮሰሰሩ ምልክት የምትሰጥ ትንሽዬ ቁልፍ ናት፣ ትእዛዙ ደርሶ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሰራው ማብሪያ) ቀጭ ማለቱ ራሱ ቁልፏ ደህና መሆኗን ያሳያል። ተመልሶ የሚያጠፋው ፕሮቴክሽኑ (አምፑ ራሱን የሚከላከልበት ክፍል) ነው። ሁሉንም የስፒከር ገመድ ነቅለህ ሞክር፣ ያኔ ከቆየ ገመድህ ወይ ስፒከርህ ጋ ሾርት አለ። ካልቆየ ውስጥ ነው፣ ለብቻው ክር ክፈት እመጣለሁ። ይቺ በስፒና የመለካት ዘዴም ላንተ አትሰራም፣ መልቲሜትሩ የሚያነበው ትንሿን የስታንድባይ ትራንስፎርመር ይሆናል፣ መቶዎች ኦም አይተህ እንዳትደነግጥ።

ጆሮ_ለባለቤቱ
ከፈትኩት። ጋሼ እንዳሉት ማብሪያው ከኋላ ነው፣ ረጅም ነጭ ዘንግ አለው። ዘንጉን ነቅዬ በእርሳስ ሞከርኩ፣ ያው ነው አይይዝም። ካፓሲተሮቹን ለካኋቸው፣ ከትናንት ጀምሮ ተነቅሎ እንኳ አንዱ ላይ 11 ቮልት ነበረ!! ገረመኝ። በሬዚስተር አወረድኩት።
ማብሪያው ጀርባ ላይ ትንሽ ቦርድ አለች፣ እዛ ላይ ቡናማ ቀለም ያለው እንደ ካራሜላ የሆነ ነገር በሁለቱ እግሮች መሀል ተበይዷል፣ ላዩ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ጎኑ ጠቁሯል። ሽታው ከዛ ሳይሆን አይቀርም።
አንድ ያስፈራኝ ነገር፣ ማብሪያው ጠፍቶ ስፒናውን ሰክቼ በቴስተር ካቻቢቴ ማብሪያው እግሮች ላይ ነካሁ፣ ሁለቱም እግሮች ላይ መብራቱ በራ። ጠፍቶ እንዴት ይበራል?? ኮንታክቱ ተጣብቋል ማለት ነው?

ሊድና_ጭስ
ክዳኑ ተከፍቶ ሰክተህ ነካህ??? ሁለተኛ እንዳታረጋት። ለምታደርገው ስራ ሁሉ የተሰካ ነገር አያስፈልግህም።

ሃምሳ_ኸርዝ
ቁጣውን ሊድና ጭስ ስለጨረሰችው እኔ መልሱን ልስጥ 😅
የድሮ አምፖች ብዙ ጊዜ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚቆርጡት። ስፒናህ ገልብጠህም መሰካት የሚቻል አይነት ከሆነ ደግሞ የሚቆረጠው ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ይሁን ኒውትራል (መመለሻው) እንዳሰካክህ ነው። ኒውትራሉ ከተቆረጠ አምፑ ጠፍቷል ሙዚቃ የለም፣ ግን ፌዙ በትራንስፎርመሩ ጥቅል ዞሮ እስከ ማብሪያው አንደኛው እግር ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ያ ካራሜላ ያልከው ደሞ ካፓሲተር ነው፣ ማብሪያው ክፍት ሲሆን የሚነሳውን ብልጭታ ለመዋጥ በኮንታክቱ ላይ አግድም የተበየደ። ሌላኛው እግር ላይ ለምን እንደበራ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ግን ቴስተር ካቻቢቴ ለመብራት ሚጢጢ ነገር ይበቃዋል። ስለዚህ ተጣብቋል ማለት ላይሆን ይችላል፣ በስፒናው ስትለካ ጠፍቶ ክፍት ይል ነበር አይደል?
ለዚህ ነው ማብሪያ ማጥፋት ከመንቀል አይቆጠርም የሚባለው፣ አምፕ ጠፍቶም ውስጡ ፌዝ አለው።

ጆሮ_ለባለቤቱ
አዎ ጠፍቶ ክፍት ነው ሚለው። ገባኝ፣ አመሰግናለሁ፣ አላረገውም ሁለተኛ። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው በግማሽ ጠፍቷል፣ 0.01 የሚል ይነበባል።

የቱቦ_ዘመን
0.01 ማይክሮፋራድ ማለት ነው፣ 10 ናኖ። የተለመደ ነው። በወረቀት የተሰሩት የድሮዎቹ ሽፋናቸው ሲሰነጠቅ እርጥበት ይገባቸዋል፣ ከዛ አንድ ቀን ቤቱን በጭስ ይሞሉታል። ያንተ ጀምሯል። ማብሪያውን ባትቀይር እንኳ እሱን ማውጣት ግዴታህ ነው። እሱ ሾርት ሲሆን ደግሞ አምፕህ ማጥፊያ የለውም ማለት ነው፣ ማብሪያውን ብታወጣው ብታስገባው እሱ ዘግቶታል።

ጆሮ_ለባለቤቱ
እሺ ስለማብሪያው፣ ፈትቶ ማጽዳት ወይስ መቀየር? ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ስፕሬይ ንፋበት ነው ሚለው

ቀጥታ_አገናኘው
እኔ በስፕሬይ ያዳንኩት አለ ደብሊውዲ-40 ነፍቼበት ይሄው ሰላም ነው

ሊድና_ጭስ
ደብሊውዲ-40 ለዝገት ብሎን ነው። ዘይት ይተዋል፣ ዘይቱ ብልጭታ ሲያገኘው ከሰል ይሆናል። የኮንታክት ማጽጃ የሚባለው ሌላ ነው፣ እነ ዲኦክሲት፣ እሱም ለድምጽ መቆጣጠሪያና ለመምረጫ ቁልፎች ነው በደንብ የሚሰራው፣ እዛ የሚያልፈው ትንሽ ምልክት ስለሆነ ዝገቱን ካነሳህለት ይበቃዋል። የፓወር ማብሪያ ግን የተቃጠለ ነው፣ ስፕሬይ የተቦረቦረ ብር መልሶ አይሞላም። ለሳምንት ጥሩ ይሆንልሃል ከዛ ወደ ወረቀት ማጠፍህ ትመለሳለህ። ነፍተህ ቶሎ ሰክተህ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ስፕሬይ ተቀጣጣይ ነው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ላንተው ልተወው።

የቱቦ_ዘመን
እውነት ነው። እኔ ግን አዲስ ካላገኘ ፈትቶ ይሞክር ባይ ነኝ፣ በዘመናችን የሚቀየር ነገር የት ነበረና። አራት የቆርቆሮ ጆሮዎችን በቀስታ ታነሳለህ፣ ውስጡ ሞላ አለ፣ ስትከፍተው ዘሎ ሶፋ ስር ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተህ እጅህን በከረጢቱ አፍ አግብተህ ፍታው። በየደረጃው ፎቶ አንሳ። ኮንታክቱን በሞረድ ወይ በአሸዋ ወረቀት እንዳትፍቅ፣ ላዩ ላይ ያለው ብር ስስ ነው፣ እሱን ከጨረስከው ከስሩ ያለው መዳብ በሳምንት ይጠቁራል። በጠንካራ ካርቶን ላይ አልኮል ነክተህ እሸው። አንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ኮንታክት ተገልብጦ ሊገባ ይችላል፣ ያልተነካው ፊቱ ስራ ይጀምራል፣ ይህ ቆንጆ ነገር ነው። ማብሪያው ባለ ሁለት መስመር ሆኖ አንዱ ብቻ ስራ ላይ ከዋለ ደሞ ሽቦዎቹን ወዳልተነካው መስመር ማዛወር ትችላለህ፣ እግሮቹን ቁጠር፣ ስንት ናቸው?

ጆሮ_ለባለቤቱ
አራት ናቸው ጋሼ! ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው ሽቦ ያላቸው!! ስለዚህ ሽቦውን ማዛወር ብቻ ነው? ወይም ሁለቱን መስመር አንድ ላይ ባገናኛቸው እጥፍ አይችልም?

ሃምሳ_ኸርዝ
ማገናኘቱ የሚመስል ግን የማይሰራ ነገር ነው። ሁለቱ ኮንታክቶች እኩል ሰአት አይነኩም፣ አንዱ በትንሹም ቢሆን ይቀድማል፣ ሁሌም የቀደመው ነው 65 አምፔሩን የሚቀበለው። ሲቋረጥም የመጨረሻው ብልጭታውን ብቻውን ይወስዳል።

ሊድና_ጭስ
ማዛወሩ የኮንታክቱን በሽታ ይፈታልሃል፣ የመያዣውን ግን አይፈታም፣ ያንተ እኮ ጣትህን ስታነሳ ይመለሳል። ቀይረው ባይ ነኝ። ስትፈልግ ብራንዱን ተወው እነዚህን ለካ፦ የእግሮቹን መራራቅ በሚሊሜትር፣ የሁለቱን የብሎን ቀዳዳ መራራቅ፣ የግፊው ርዝመት ወጥቶም ገብቶም፣ እና የግፊው ጫፍ ቅርጽ ዘንግህ እንዲገባበት። ብዙ የጃፓን አምፖች አልፕስ የሚባል ኩባንያ ማብሪያ ነው ያላቸው፣ ተመሳሳይ ቅርጽ በሌሎችም ይሰራል።
ከዛ ላዩ የተጻፈውን አንብብ። 5 አምፔር 250 ቮልት ብቻ ካለ አትግዛው፣ ያ የሚናገረው በእርጋታ ስለሚያልፈው ነው። ቲቪ-5 የሚል ምልክት ፈልግ፣ ቲቪ-5 ማለት በሚበራበት ሰአት እስከ 78 አምፔር የሚደርስ ድንጋጤ ተፈትኖበታል ማለት ነው። ቲቪ-8 ከሆነ 117። አንዳንዱ ላይ ደግሞ 5/80 ተብሎ ይጻፋል፣ የመጀመሪያው የዘወትሩ ሁለተኛው የድንጋጤው ነው። ያንተ 65 ስለሆነ ቲቪ-5 ይበቃሃል።

ጆሮ_ለባለቤቱ
ካላገኘሁስ?

ሊድና_ጭስ
ካላገኘህ ሪሌ። 230 ቮልት ጥቅል ያለው 16 አምፔር ሪሌ ታስገባለህ፣ ትንሽዬ ማንኛውም ጥሩ ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ያበራል፣ ሪሌው ትራንስፎርመሩን ያበራል። በማብሪያው የሚያልፈው ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። (የቤትህ መብራት 120 ቮልት ከሆነ ጥቅሉም በዛው ይሁን።) ግን ሪሌውን በደንብ አስሮ የሚያስቀምጥ ቦታ ይፈልጋል፣ በሙጫ አጣብቄ ተውኩት ማለት የለም። መጀመሪያ ማብሪያውን ፈልግ።

ሃምሳ_ኸርዝ
ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲግል ተቃውሞው የሚቀንስ ሬዚስተር) በተከታታይ ቢያስገባስ? ድንጋጤውን ይቀንሳል

የቱቦ_ዘመን
ይቀንሳል። ግን ለመስራት መጋል አለበት፣ በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከሽቦ አርቀህ ነው የምትሰቅለው፣ አጥፍተህ ቶሎ ካበራኸው ደግሞ ገና ትኩስ ስለሆነ ምንም አይከላከልልህም። ለትልቅ ክብ ትራንስፎርመር አስገባ እላለሁ። ይሄ 30 አመት ያለሱ ኖሯል፣ አዲሱ ማብሪያም እንደዛው ይኑር።

ጆሮ_ለባለቤቱ
ስምንት ቀን ጠፋሁ ይቅርታ። ማብሪያው መጣ፣ ቲቪ-5 ነው፣ እግሮቹ ልክክ ብለው ገቡ። ግፊው ግን ከድሮው 4 ሚሊሜትር አጠረ፣ ዘንጉ አልደርስ አለ። ከአሮጌ ፕላስቲክ እስክሪብቶ ቆርጬ እንደ ቀለበት መሀሉ ላይ አስገባሁለት አሁን ልክ ነው።
የድሮውን ማውጣት ነው ያሰቃየኝ። ካውያዬ 30 ዋት ነው፣ ያ ቦርድ ላይ ያለው መዳብ ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል፣ ሊዱ አልቀልጥ አለ፣ ሳከሩ (ሊድ መምጠጫው) ምንም አይስብም። መጨረሻ ላይ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሬበት ሲቀላቀል ቀለጠ። አንዱ እግር ላይ መዳቡ ትንሽ ተነሳ፣ በሽቦ አጠናከርኩት።
አሮጌውን ፈታሁት ለማየት ብዬ (በከረጢት ውስጥ ጋሼ 😄 ሞላው እውነትም ዘለለ)። አንዱ ኮንታክት ጥቁር፣ መሀሉ እንደ እሳተ ገሞራ አፍ ሆኗል። የልብ ቦዩም እንዳሉት ጠርዙ ክብ ሆኖ አልቋል። ያልተነካው መስመር ግን እንደ አዲስ ያበራል።
አሁን እንዴት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ማበራው? ፈራሁ።

ሊድና_ጭስ
ጥሩ ፍራቻ ነው። አዲስ ሊድ መጨመርህ ደግሞ ትክክል ነው፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ምናረገው።
መጀመሪያ ስፒና ላይ እንደበፊቱ ኦም ለካ፣ 5 ሲበራ፣ ክፍት ሲጠፋ፣ አስር ጊዜ። ከዛ ከስፒናው አንድ እግር ወደ አምፑ ቆርቆሮ ለካ፣ ምንም ማሳየት የለበትም፣ ሁለቱንም እግሮች። (የምድር እግር ካለው እሱ ብቻ ከቆርቆሮው ጋር ይገናኛል።) ከዛ ባለ ሽቦ አምፖል፣ 60 ወይ 100 ዋት የሆነ፣ በአንዱ መስመር ላይ በተከታታይ ያለበት ገመድ ስራና በእሱ በኩል አብራው። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም፣ ያ የድሮው የሚግለው ነው። ክዳኑ ይዘጋ። ስትጫነው አምፖሉ ደምቆ በርቶ ቶሎ ደብዘዝ ካለ ጤና ነው። ደምቆ ከቀረ አጥፋ፣ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ አምፖሉ ፊውዝህንና ትራንስፎርመርህን አትርፎልሃል።

የቱቦ_ዘመን
ስፒከሮቹን ገና እንዳታገናኝ። አምፖሉን አልፈህ በቀጥታ ስታበራው መጀመሪያ የስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ለካ፣ በሚሊቮልት። ከ50 በታች ከሆነ አገናኝ። ለማብሪያ ብሎ ሌላ ነገር የነካካ ሰው ስፒከሩን ያቃጥላል፣ አይቻለሁ። ፊውዙንም እግረ መንገድህን እይ፣ ላዩ ላይ ቲ የሚል ፊደል ካለበት ዘገምተኛ ነው፣ ሌላ ስትገዛ በዛው አይነትና በዛው አምፔር።

ጆሮ_ለባለቤቱ
አምፖሉ በራ ደበዘዘ!! ከ4 ሰከንድ በኋላ የስፒከር ሪሌው ቀጭ አለ። ከዛ በቀጥታ ሰካሁት፣ ዲሲው ግራ 12 ሚሊቮልት ቀኝ 19። ፊውዙ ቲ 3.15 ነው ደህና ነው። ስፒከሮቹን አገናኘሁ፣ ሁለት ሰአት ተጫወተ ጠረጴዛውን ብመታው ብነቀንቀው ንክች የለም።
አንድ ነገር ብቻ፣ ሳጠፋው በስፒከሩ ጧ የሚል ድምጽ አለ። በፊት አልነበረም። ምን አበላሸሁ?

ሃምሳ_ኸርዝ
ያንን የተሰነጠቀ ካፓሲተር አውጥተህ ሌላ አስገባህ?

ጆሮ_ለባለቤቱ
አወጣሁት አልተካሁትም። አዲስ ማብሪያ ስለሆነ አያስፈልግም ብዬ

ሃምሳ_ኸርዝ
እሱ ነው ጧ የሚለው። ትራንስፎርመር ከረንቱን ድንገት ስትቆርጥበት ቮልቴጁን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ኮንታክቱ መሀል ይበልጭና ያ ብልጭታ ነው በስፒከር የሚሰማህ። ካፓሲተሩ ለዚያች ቅጽበት ማረፊያ ይሆነዋል። ለጆሮህ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ያለሱ አዲሱ ኮንታክትም ቶሎ ይበላል።
10 ናኖ አስገባ፣ ላዩ ላይ ኤክስ2 ወይም ዋይ2 የሚል ያለበት (ለቤት መስመር የተሰራ ማለት ነው)። ዋይ2 ቢሆን እመርጣለሁ ሲበላሽ ሾርት እንዳይሆን ተብሎ ስለሚሰራ፣ ጋሼ እንዳሉት እዚህ ቦታ ሾርት ከሆነ ማጥፊያ የለህም። 630 ቮልት የሚል ተራ ካፓሲተር አለኝ ብለህ እንዳትመጣ፣ ያ የዲሲ ቁጥር ነው፣ ለቤት መስመር አልተሰራም። ደሞ ትልቅ ይሻላል ብለህ 100 ናኖ አታስገባ። በ10 ናኖ ጠፍቶ ሳለ የሚያልፈው 0.7 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፣ በ100 ናኖ 7 ይሆናል፣ ያለምክንያት ነው የሚያልፈው።

ቀጥታ_አገናኘው
እኔም ትናንት ናስትሮውን ፈትቼ አየሁት። ሙጫው ቀልጦ ሽቦው በግማሽ ራቁቱን ነበር። እህቴ ሪሌውን በየትኛው ብሎን ነው ማስረው?

ሊድና_ጭስ
ፎቶ ላክ።

ጆሮ_ለባለቤቱ
10 ናኖ ዋይ2 ገባ፣ ሰማያዊ ክብ ነገር ነው፣ እግሮቹ ላይ ማካሮኒ የሚባለውን መሸፈኛ አልብሼ በየድኩት። ሳጠፋው አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካላስጠጋሁ የምትሰማ ጢቅ ብቻ ቀርታለች። የታጠፈችውን ወረቀት ግን አልጣልኳትም፣ ክዳኑ ውስጥ በኩል ማብሪያው የተቀየረበትን ቀንና ቲቪ-5 ብዬ ጽፌ ለጠፍኳት፣ ቀጥሎ ለሚከፍተው ሰው።